በሦስተኛው ረድፍ የተጠበቀ ቦታ

አንድ ፊላ ቆራጭ ነበረ። እናት ነበረችው፣ ታናሽ ወንድምም ነበረው፤ ወንድሙን ግን በአንድ ክፉ ቃል ከአገር አስወጣው።

ቆይ፣ ፊትሽን አትቋጥሪብኝ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ትርሲት። «ጋሼ፣ ተማሪዎቼ የንጥረ ነገሮቹን ሠንጠረዥ በቃላቸው ያነበንቡታል። ለምን እንደዚያ ተደረደረ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ዝም ይሉኛል። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም አፌን ሞልቼ አልመልስም» ነው ያልሽኝ። ሰኞ ደግሞ ልታስተምሪው ነው። ገና በመጀመሪያ ዓመትሽ ተማሪ ፊት አፍሮ መቆም ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ እኔ ስንት ዘመን አልፎኝ እንኳ ሳስታውሰው ጆሮዬ ይግላል። ስለዚህ ቁጭ በይና ስሚኝ። መልሱን እዚሁ ታሪክ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ይህን የሰማሁት መጀመሪያ በተመደብኩበት በደቡቡ ተራራማ አገር ነው። ያኔ አንቺ አልተወለድሽም፤ እኔም፣ ብትስቂ ሳቂ፣ ጠጉሬ ጥቁር ነበረ፣ ዳገት እየሮጥኩ ነበር የምወጣው።

ፊላ ታውቂያለሽ? የት ታውቂያለሽ፣ ከተማ ያደግሽ ልጅ! ፊላ ከቀርከሃ የሚቆረጥ ዋሽንት ነው። የጣት ቀዳዳ ግን የለውም። አንዱ ፊላ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ ያወጣል፣ አጭሩ ቀጭን። አንድ ሰው ብቻውን ቢነፋው ቱ… ይላል፣ አለቀ። ዜማ እንዲሆን ብዙ ሰው መሰለፍ አለበት። አንዱ ሲያበቃ ጎረቤቱ ይቀበለዋል፣ ከእሱ ደግሞ ሌላው፤ ዜማው እንዲህ ከአፍ ወደ አፍ እየተሻገረ ይዞራል። ማሽላው ከታጨደ በኋላ አደባባይ ወጥተው ነበር የሚነፉት። እኔ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ቆሜ አለቀስኩ።

አሁን ልማዳቸውን ያዢልኝ፣ ኋላ እንዳትጠፊ። በዚያች መንደር ፊላ የሚቆርጥ ሰው ሰልፍ ውስጥ ገብቶ አይነፋም። የእሱ ነገር ቢላዋ ነው። የሚቆርጠውም ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የሟቹን ፊላ ያመጡለታል፣ እሱ በልኩ አዲስ ይቆርጣል፣ አዲሱ ለልጅ ይሰጣል፣ አሮጌው ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ አዲስ ፊላ መቁረጥ «እገሌ ሞቷል» ብሎ እንደ ማወጅ ነው። ደግሞም ከመንደሩ ላይመለስ የሚሄድ ሰው ፊላውን ትቶ ይሄዳል፤ ሊመለስ ያሰበ ግን ይዞት ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም።

የወንድማማቾቹ አባት ነፊ ነበረ፤ ታላቁ ቢላዋውን ከአጎቱ ወርሶ ነበርና አባትየው ሲሞት ፊላው ለታናሹ ደረሰ። ታላቁ የአባቱን ፊላ ለክቶ ለወንድሙ አዲሱን በገዛ እጁ ቆረጠለት። ይዋደዱ ነበር። ታናሹ አደባባይ ላይ ሲነፋ ታላቁ ከዳር ቆሞ «የኔ እጅ ነው እኮ የሚያስጮኸው!» እያለ ሰውን ያሰለች ነበር አሉ።

ኋላ ዝናብ ቀረ። አንድ ዓመት ቀረ፣ በሁለተኛውም ቀረ። ታናሹ «እናታችንን ይዘን ቆላ እንውረድ፤ ሲዘንብ እንመለሳለን» አለ። ታላቁ እንቢ አለ። ታናሹ ነገሩን ደግሞ ደጋግሞ ሲያነሳበት አንድ ቀን ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ደሙ ፈላ። «ሆድህን ተከትለህ ሂድ! አንተ ድሮም ከሆድህ ሌላ የምታውቀው ነገር የለህም!» አለው። ሰው በተራበበት ዘመን፣ በሰው ፊት፣ ሆዳም መባል ምን እንደሆነ አንቺው አስቢው። ታናሹ ተነስቶ ወጣ። በማግስቱ ሲነጋ ግን አልነበረም።

ጥቂት ቆይቶ መንደሩም ተበተነ። ፊላዎቹ በሙሉ፣ ነቀዝ እንዳይበላቸው፣ ከአንድ ጎጆ ጣሪያ ሥር ከምድጃው ጢስ በላይ ነበር የሚሰቀሉት፤ በስደቱ ግርግር እዚያው ተረሱ። ሰው ቀስ በቀስ እየተመለሰ፣ መሬቱም እየታረሰ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያለ ፊላ አለፈ። በአሥራ አንደኛው ዓመት ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። «ዘንድሮማ ፊላ ይነፋ!» ተባለ። ጉዱ የፈላው ያኔ ነው። ሰልፉን የሚያውቁት የሰልፉ መሪና ሽማግሌዎቹ ነፊዎች በስደት አልቀዋል። ፊላዎቹን ከጣሪያው ቢያወርዱ አሥራ ዘጠኝ፤ ሁሉም በጢስ ከስለው አንድ ዓይነት ሆነዋል። የቱ የማን እንደሆነ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም የሚያውቅ ጠፋ። ስንት እንደነበሩ እንኳ አልተስማሙም። አንዱ ሠላሳ ነበርን ይላል፣ አንዱ አሥራ አምስት። የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ ግን «አሥራ ዘጠኝ ነበርን፣ አሥራ ዘጠኝ ነን፤ አበቃ!» አሉ።

የቆራጩ እናት ዓይኗ ደክሟል፤ ሰው ጥላ ሆኖ ነው የሚታያት። ያን ቀን ልጇን እጁን ያዘችና «የወንድምህ ፊላ ከነዚህ ውስጥ አለ ወይ?» አለችው።

ፊላዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ አየና መልሶ አኖራቸው።

«ካለ ጥሎን ሄዷል፤ ቁርጤን ልወቅና ላልቅስ። ከሌለ ግን ልጄ ይመጣል። ንገረኝ፣ አለ ወይስ የለም?»

«አላውቅም እማ» አላት።

እንዴት የገዛ እጁን ሥራ አያውቅም እንዳትዪኝ! ስንቱን ቆርጧል። ደግሞ እሱ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ የአንዱን ልክ እንጂ የሁሉንም ሥርዓት አያውቅም። ይህችን ያዢያት።

ሽማግሌው «በዕድሜና በክብር ተሰለፉ፣ ታላቅ ከፊት!» ብለው አዘዙ። ተሰለፉ፣ ነፉ። ወይ ጉድ! ሸለምጥማጥ የገባበት የዶሮ ቤት ነው የመሰለው። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ነፊዎቹ አፍረው ፊላቸውን እያስረከቡ ተበተኑ። አየሽ፣ በባለቤቱ ክብር መደርደር ስለ ፊላው የሚነግርሽ ነገር የለም።

ቆራጩ አሥራ ዘጠኙንም ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት በረንዳው ላይ አጎዛ አነጠፈና መጀመሪያ በቁመት ደረደራቸው። ከሰው ትከሻ ከሚደርሰው ጀምሮ ከመዳፍ እስከማይበልጠው፣ አንድ ረጅም መስመር ሆኑ። እናቱን አጠገቡ አስቀመጠ። እሷ አርባ ዓመት ሙሉ የነፊ ሚስት ነበረች፤ ዓይኗ ቢደክም ጆሮዋ አልደከመም። እሱ ከረጅሙ ጀምሮ አንድ በአንድ ይነፋል፣ እሷ ትሰማለች።

አንደኛው። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አራተኛው። አምስተኛው። እያንዳንዱ ከፊተኛው እየቀጠነ ሄደ፤ እሷም ዝም። ስድስተኛውን ሲነፋ ግን ሳቀች። «ይሄማ የመጀመሪያው ነው!» አለች። «ያው ራሱ ነው። ልጅ ሆኖ መጣ እንጂ።»

ቆራጩ አላመነም። አንደኛውን ነፋ፣ ስድስተኛውን ነፋ። እውነቷን ነው። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ነው፤ ድምፁ ግን የአባትና የልጅ ነው። ሰባተኛውን ነፋ፤ የሁለተኛው ልጅ ሆነ። ስምንተኛው የሦስተኛው። ያኔ ገባው። ረጅሙን መስመር አንድ መስመር አድርጎ መተው ዋጋ የለውም። ከአምስተኛው በኋላ ሰበረውና ስድስተኛውን ወስዶ ከአንደኛው ግርጌ አኖረው። አሁን ወደ ጎን ስትሄጂ ድምፅ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ወደ ታች ስትወርጂ አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ እያልሽ አንድ ቤተሰብ ታገኛለሽ። ነፊዎቹ ድሮ አምስት አምስት ሆነው፣ ልጅ ፊላ ከአባት ፊላ ኋላ እየሆነ ይቆሙ እንደነበር እናትየዋም ያኔ ትዝ አላት። «አዎ! አዎ! ልክ እንዲህ ነበሩ!» ብላ እጇን አጨበጨበች።

ሁለቱ ረድፍ ያለ ችግር ሞላ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንደኛውና ሁለተኛው ቤታቸውን አገኙ። ከዚያ ቆራጩ ቀጣዩን ወስዶ በሦስተኛው ቦታ አኖረና ነፋው። እናቱ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ የዚህ ቤት ልጅ አይደለም፤ የጎረቤቱ ነው።» ቀጥሎ ያለውን ነፋ። «ይሄም የጎረቤቱ ነው።» ከዚያ ወዲያ ያሉት በሙሉ እያንዳንዳቸው አንድ ቤት ስተው ተገኙ።

የሚመለከቱ ጎረቤቶች «ምስኪን፣ ጆሮዋም ከዳት» ተባባሉ። ቆራጩ ግን የልክ ሰው ነውና መለካት ጀመረ። አባትየውን ለካ፣ ልጁን ለካ፤ ልጁ የአባቱ እኩሌታ ሆኖ ተገኘ። ሌላውንም ለካ፣ እኩሌታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ረድፎች ሁሉም እንደዚያው ነው። ከሦስተኛው ረድፍ መሃል ጀምሮ ግን ልኩ ተፋለሰ። እዚያች ቦታ ላይ አንድ ድንጋይ አኖረና የቀሩትን በሙሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ ፊት ገፋቸው። ከዚያ ለካ። ሁሉም ልጅ የአባቱ እኩሌታ ሆነ። ነፋ፤ ሁሉም ቤቱ ገባ። ድንጋዩ ብቻ ቀረ።

ቆራጩ ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ የለም» አላት።

«ምኑ?»

«የሱ ፊላ እዚህ የለም። ይዞት ሄዷል።»

ከስደት ያልተመለሰው ሁሉ ሞቱ ተረድቷል፤ ደብዛው ጠፍቶ የቀረ ሰው እሱ ብቻ ነበርና ሌላ የማን ሊሆን ይችላል! እናትየዋ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ እየሮጠ ቢመጣ፣ የተገኘ ነገር የለም። የጎደለ ነገር ነው የተገኘው።

ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። በእነሱ ዘንድ በሰልፍ መሃል ባዶ ቦታ መተው መቃብር እንደ መቆፈር ነው። «ወይ ተጠጋጉና ክፍተቱን ዝጉት፣ ወይ አዲስ ቁረጥና ሙላው» አሉት።

«አባቴ፣ ከተጠጋጉ እያንዳንዱ የሰው ቤት ይገባል፤ ዜማው ይሞታል። ከቆረጥኩ ደግሞ ወንድሜን በሕይወቱ ቀበርኩት ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?»

«ቦታው ይቆይ።»

ሽማግሌው አልሰሙትም። የበዓሉ ቀን ሰዎቹን አምስት አምስት አድርገው አሰለፉ፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ግን «ተጠጉ!» አሉ። ተጠጉ። ዜማው ሁለት ረድፍ እንደ ወፍ በረረና እዚያች ቦታ ሲደርስ ወደቀ። ደግመው ሞከሩ፣ ወደቀ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። በዚህ ጊዜ ቆራጩ ቢላዋውን ከወገቡ ፈታና በእናቱ እጅ አስቀመጠ። ወደ ሰልፉ ሄደ። ትከሻ ለትከሻ የገጠሙትን ሁለት ሰዎች በቀስታ ለያይቶ መሃላቸው ቆመ። ቆራጭ ሰልፍ ሲገባ ታይቶ አይታወቅም።

«ፊላ የለኝም፣ አልነፋም» አለ። «ይህ የወንድሜ ቦታ ነው። ያባረርኩት እኔ ነኝ፤ በሰው ፊት ሆዳም አልኩት። አሁንም በሰው ፊት እላለሁ፣ ሆዳም አልነበረም። እስኪመጣ ቦታውን የምጠብቅለት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ያችን ቦታ አዩ። ሰው የቆመበት ቦታ ባዶ ነው ሊባል አይችልማ! «ንፉ» አሉ በመጨረሻ።

ነፉ። ዜማው ከአፍ ወደ አፍ እየተሻገረ ሄደ፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ ሦስተኛው ሰው ላይ ሲደርስ ለአንድ እስትንፋስ ያህል ዝም አለ፤ ከዚያ ቀጣዩ ተቀበለው። የቀረው በሙሉ ድሮ እንደነበረው ነበር። ያረጁት ሰዎች ያለቅሳሉ፣ ድሮ ያላዩት ወጣቶችም ያለቅሳሉ። እናትየዋ ቢላዋውን ደረቷ ላይ ይዛ ዝምታው በመጣ ቁጥር «እዚያች ጋ ነው ልጄ» ትላለች።

በማግስቱ ቆራጩ አንድ ሥራ ሠራ። የጎደለው ፊላ ልኩ ከአእምሮው ጠፍቷል፤ ቦታውን ግን ያውቃል። ከበላዩ ያለውን የአባትየውን እኩሌታ ለካ። ከበታቹ ያለውን የልጁን እጥፍ ለካ። ሁለቱ ልክ አንድ ላይ ገጠሙ፤ አንድ ስንዝር ከጣት። በዚያ ልክ ፊላ ሳይሆን ተራ እንጨት ቆረጠ። ቆላ ለሚወርዱ ጨው ነጋዴዎች ሰጠና «በየገበያው አሳዩልኝ። ከዚህ እንጨት ጋር እኩል የሆነ ፊላ የያዘ ሰው ካገኛችሁ፣ ቦታህ አልተዘጋም በሉት» አላቸው።

አንድ መከር አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ቆራጩ በየመከሩ እየገባ አፉን ዘግቶ ይቆማል። የሚያሾፉበት አልጠፉም፤ «ዝምታ ነፊው» የሚል ስምም አወጡለት። እናቱ በጣም ደከመች፤ ሰው ደግፎ ነው አደባባይ የሚያወጣት።

በሦስተኛው መከር፣ ሰው ተሰልፎ ሊጀምር ሲል፣ ከዳገቱ በኩል ጢሙ የሸበተ ሰው መጣ። በአንድ እጁ እንጨት፣ በአንድ እጁ ፊላ ይዟል። ማንንም ሰላም አላለም፤ በቀጥታ ቆራጩ ፊት ሄዶ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አሳየው። እኩል ነበሩ። ምናልባት የጥፍር ጫፍ ያህል ቢለያዩ ነው። ቆራጩ ወንድሙን አንገቱን አቅፎ ሳመው፣ ከሰልፉ ወጣ፣ ታናሹ ገብቶ ቆመ።

ለእናትየዋ ማንም አልነገራትም። ለመንገር ጊዜም አልነበረም፤ ዜማው ተጀምሯል። እንደ ልማዷ ጆሮዋን አቅንታ፣ ያችን ዝምታ ትጠብቃለች። አንደኛው ረድፍ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ረድፍ፣ አንደኛው ሰው፣ ሁለተኛው ሰው…

ዝምታው አልመጣም።

ያለ ደጋፊ መቆም ያቃታት ሴት ብድግ አለች። «መጣ!» አለች። «መጣልኝ!»

እኔ ይህን የሰማሁት ከቆራጩ የልጅ ልጅ ነው። ያየሁት ሰልፍም ሙሉ ነበር።

እንግዲህ ትርሲት፣ እንባሽን ጥረጊና ወደ ጥያቄሽ እንምጣ። ያ አጎዛ ላይ የተደረደረው ነገር ነው የአንቺ ሠንጠረዥ። ንጥረ ነገሮቹን በቀለማቸው ወይም በስማቸው ፊደል ብትደረድሪያቸው፣ ሽማግሌው በክብር እንዳሰለፉት ነው፤ ስለ ነገሩ የሚነግርሽ የለም። በአተማቸው እምብርት ባለው የፕሮቶን ቁጥር ደርድሪያቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሽ። ያ የቁመቱ መስመር ነው። ከዚያ እንደ እናትየዋ ጆሮሽን ጣይ። ሦስተኛው ሊቲየም ነው፤ ውሃ ላይ ሲወድቅ ይንሿሿል። ስምንት ቆጥረሽ ስትሄጂ ሶዲየም ላይ ትደርሻለሽ፤ ያውም ውሃ ላይ ይሯሯጣል። ያን በክፍል ያሳየሁ ቀን የኋላ ወንበር ተማሪዎች ጮኸው በመስኮት ሊዘሉ ነበር! ደግሞ ስምንት ስትቆጥሪ ፖታሲየም፤ እሱማ ይነድዳል። አንድ ቤተሰብ ናቸው። ከውጭ ባለው ቅርፊታቸው እያንዳንዳቸው ያላቸው አንድ ኤሌክትሮን ነው፤ ጠባያቸው የሚመለሰውም ለዚህ ነው። ጠባይ በተመለሰ ቁጥር መስመሩን ሰብረሽ አዲስ ረድፍ ትጀምሪያለሽ፣ ልጁን ከአባቱ ግርጌ ታኖሪያለሽ። ወደ ጎን ረድፍ፣ ወደ ታች ቤተሰብ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ከፊላው ይለያል፤ ተማሪዎቹ ሳይቀድሙሽ አንቺው ንገሪያቸው። ፊላው ሁልጊዜ በአምስት ይመለሳል። ሠንጠረዡ ግን መጀመሪያ በሁለት ይመለሳል፣ ከዚያ በስምንት፣ ደግሞ በስምንት፣ ከዚያ በአሥራ ስምንት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ጊዜ በሠላሳ ሁለት። ቅርፊቱ እየሰፋ በሄደ ቁጥር የሚይዘው ኤሌክትሮን ይበዛል። ላይኛው ረድፍ መሃሉ ክፍት ሆኖ ጫፍና ጫፍ ላይ ብቻ ሰው የቆመበት የሚመስለው ለዚህ ነው። ያን ክፍተት ለማሳመር ብሎ የሚያጠጋጋ ሰው ሂሊየምን ከኒዮንና ከአርጎን ቤት አውጥቶ የሰው ቤት ያስገባዋል።

ይህን ሠንጠረዥ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የሠራው ሰውም ቆራጩን ነው የሚመስለኝ። ያኔ የታወቁት ንጥረ ነገሮች ስልሳ ገደማ ነበሩ። ሲደረድራቸው ቤት የሚስቱ አገኘ። እሱ ግን አላጠጋጋቸውም። ባዶ ቦታ ተወና ከላይና ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ባሉት ለክቶ «እዚህ የሚመጣው ክብደቱ ይህን ያህል ነው፣ ጠባዩም እንዲህ ነው» አለ። በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ጋሊየም መጣ፣ ስካንዲየም መጣ፣ ጀርማኒየም መጣ። እንጨቱንና ፊላውን ጎን ለጎን አስቢያቸው።

ነይ፣ ያን ግድግዳ ላይ ያለውን አቡጀዲ አውርጂልኝ። አቧራውን አትፍሪው። ይህን የሳልኩት በሰባ ሁለት ዓ.ም. ነው፣ እዚያው በተራራው አገር፣ የታተመ ሠንጠረዥ ስናጣ። መስመሩን በክር ነው ያሰመርኩት። ስንት ትውልድ በዚህ ተምሯል መሰለሽ! አንዳንዶቹ ዛሬ ሐኪም ናቸው፣ አንዳንዶቹ የሉም፤ የሁሉንም ጣት አሻራ እዚህ ላይ አገኘዋለሁ። በመጽሐፋችን የነበረው እስከ መቶ አምስት ነበር። እኔ ግን ሰባተኛውን ረድፍ እስከ ጫፉ፣ እስከ መቶ አሥራ ስምንት፣ ሳጥን ሠራሁለት። አሥራ ሦስት ባዶ ሳጥን። አንድ ተቆጣጣሪ መጥቶ «ይህ ያላለቀ ሥራ ነው፣ ባዶውን ቆርጠህ ጣለው» አለኝ። እንቢ አልኩት፤ በዚያ ምክንያት እድገት ቀረብኝ፤ ይቅርብኝ። ከዚያ አንድ በአንድ መጡ። የመጨረሻው ኦጋኔሰን ይባላል፤ ቦታውም ልክ እኔ ሳጥን በሠራሁለት፣ ከኒዮንና ከአርጎን ቤተሰብ ግርጌ ነው። ዜናውን በሬዲዮ የሰማሁ ቀን ብድግ አልኩ። ለማን ልንገር? ባለቤቴ አርፋለች። ብቻዬን ቆምኩ፣ መልሼ ተቀመጥኩ።

ልጽፋቸው ፈልጌ ነበር፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሲያበላሽብኝ አልወድም፣ አንቺ ታውቂኛለሽ። ቀለሙ እዚያ መሳቢያ ውስጥ አለ። አሥራ ሦስቱን ሰኞ ተማሪዎችሽ ፊት ጻፊያቸው፤ ቦታው አርባ ዓመት እንደጠበቃቸው እየነገርሻቸው። ከዚያ ክፍልሽ ውስጥ ስቀዪው፣ ያንቺ ነው።

አይ፣ አታልቅሺ እንግዲህ፣ ቀለሙ ይደፋል። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከሰባተኛው ረድፍ ግርጌ አንድ ክንድ ያህል ነጭ ጨርቅ ተርፏል። ስትሰቅዪው ይረዝማል፣ ወለሉ ላይ ይጎተታል ብለው ይነዘንዙሻል። እንዳትቆርጪው።